አባባ ያልረሳው የይለፍ ቃል

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

አባባ ዛሬ ሥራ ቦታ ደወለልኝ። ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ገመድ እየፈታሁ ስለነበር ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ያዝኩት።

«ሚጣ፣ ባንኩ ዘጋብኝ። ተሳስተሃል ይለኛል። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስቴም ተሳስተሃል አለኝ።»

«ዕድሜ ልክህን የሐኪም ጽሑፍ ስታነብ ኖረህ የገዛ ፓስወርድህ አቃተህ?» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ነገ ቅርንጫፉ ሄጄ አስከፍታለሁ ብሎኝ ዘጋው።

አባባ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መድኃኒት ቤት ነው የሠራው። ለሰው የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥቶ እንደማያውቅ ሰፈሩ ነው የሚመሰክርለት፣ እሱ አይናገርም። እናታችን ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፣ ለራሱ ያበስላል፣ የመብራትና የውሃውን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይከፍላል፣ ለአክስቴም በየወሩ ይልክላታል። ሰልፍ አልወጣም፣ ሰው አላስቸግርም ይላል። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሰኔ 7፣ ዓርብ

የክፍላችን ስብሰባ። የኮሌጁ የላብራቶሪ ኮምፒውተሮች አርጅተዋል፣ ለመነሣት ብቻ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይበላሉ። እኔ ደግሞ ከዓመት በፊት ጀምሮ «ያለባቸውን ከባድ ሲስተም አውልቀን ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም እንጫንባቸው፣ ነፃ ነው፣ ቀላል ነው» እያልኩ ጆሯቸውን አደንቁራለሁ። ዛሬ ኃላፊዬ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ይሄ ነገር ለእናንተ ለባለሙያዎቹ ነው ወይስ ለተራ ሰው? ቤትሽ የሚጠቀምበት አለ?»

«አባቴ አለ። ሰባ ዓመት አልፎታል። ባንኩን ሳይቀር በሱ ነው የሚያንቀሳቅሰው» አልኩ።

«እውነትሽን ነው?» አሉ፣ ቤቱም በአድናቆት ተንሾካሾከ። ደስ አለኝ። የማክሰኞውን ስልክ አላነሣሁም። ምን ብዬ አነሣለሁ? አንድ ሽማግሌ አንድ ቀን ፓስወርድ ቢስት ወሬ ነው እንዴ።

ማታ። ለራሴ እንዲመዘገብልኝ ያህል፦ የአባባ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የጫንኩት ዓምና ነው። ብራውዘሩንም እኔ የማምንበትን፣ በተዘጋ ቁጥር ያየውን ሁሉ የሚረሳውን፣ ብዙ ሰው የማያውቀውን አደረግኩለት። የባንኩ ድረ ገጽ ግን «ይህ ሲስተም አይደገፍም» ብሎ ከደጅ መለሰን። ያኔ ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ «እንደ ሰው ሁሉ ያለ ኮምፒውተር ልግዛለት» ብሎ ነበር። አሻፈረኝ አልኩ። ብራውዘሩ ባንኩ ማነህ ሲለው የታወቀውን ብራውዘርና የታወቀውን ሲስተም ስም እንዲጠራ አደረግኩት። በሰው መታወቂያ እንደመግባት ነው። ባንኩ ያለምንም ጥያቄ አስገባው። ዓመት ሙሉ እንከን አልነበረውም።

ሰኔ 9፣ እሑድ

ምሳ አባባ ቤት። ጋሼም መጥቶ ነበር፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቁን እሑድ ብቻ ነው የሚዘጋው። አባባ የቅርንጫፉን ነገር እንደ ቀልድ አድርጎ አወራልን። አዲስ ፓስወርድ የሰጠችው ልጅ ከመስኮቷ ጀርባ ጮክ ብላ «አባት፣ ሲጽፉ ልጅዎ አጠገብዎ ትሁን» አለችው። ተሰላፊው ሁሉ ዞሮ አየው። «እኔም ዞሬ አየሁ፣ ሌላ ሽማግሌ መስሎኝ» አለ።

ጋሼ አልሳቀም። «ያንን የማንም ያልሆነ ሲስተም አንሺለት አላልኩሽም?» አለኝ።

«ሲስተሙ ምን አደረገ? ቢሳሳት ነዋ ተሳስተሃል ያለው» አልኩ። አባባ ፊት ነው ያልኩት፣ ገበታው ላይ።

አባባ ሹካውን አስቀመጠ። «ልክ ናት፣ መነጽሬን ሳላደርግ ይሆናል» አለ።

ሳህኖቹን ሳጥብ ይሄ ንግግሩ ይመላለስብኝ ነበር። መነጽሩን ሳያደርግ ጋዜጣ እንኳ አይነካም።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

እንደገና ዘጋበት። መነጽሩን አድርጎ ነው። በአዲሱ ፓስወርድ። ቅዳሜ እሄዳለሁ። የላብራቶሪ ሁለት ፈተና አለብኝ፣ አሁን ማሰብ አልችልም።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ

አባባ ኩሽና ሆኖ ሽንኩርት ሲከትፍ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። የሱ ተዘግቷል፣ ስለዚህ የራሴን አካውንት ሞከርኩ፣ ባንካችን አንድ ነው። «የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ተሳስቷል» አለኝ። ሳቅ መጣብኝ። በአንድ ጣት፣ ፊደሉን ከንፈሬ እየጠራው፣ ደግሜ ጻፍኩ። ተሳስቷል። ያንኑ በስልኬ ጻፍኩት፣ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ነገሩ የገባኝ ወዲያው ነው፣ ሥራዬ ነውና። ባንኩ በዚህ ወር ጥበቃውን አጥብቋል። አንድ ብራውዘር የአንዱን ስም ጠርቶ እንደ ሌላ ሲራመድ ካየው ሌባ ነው ብሎ ይይዘዋል። ሌባን ደግሞ «ነቅቼብሃል» አይሉትም። «ፓስወርድህ ተሳስቷል» ብለው ይሸኙታል። ሌባው ስሙን እየቀያየረ የሚሄደው የኔ ብራውዘር ነው። በሩ ላይ የቆመው ግን አባቴ ነው።

አባባ አልተሳሳተም። አንድም ቀን አልተሳሳተም።

«ምን አለሽ?» አለ ከኩሽና።

«ምንም፣ ስትጽፍ ትንሽ ረጋ በል» አልኩት።

ይህን ቃል ማን አፌ ውስጥ እንዳስቀመጠው አላውቅም። «እሺ» አለ፣ ሽንኩርቱንም መክተፉን ቀጠለ።

አሁን ቤቴ ገብቼ ስጽፈው ምክንያቱ ሁሉ ተደርድሮ ይመጣልኛል። ብራውዘሩን የውሸት መታወቂያውን ብቀማው ባንኩ «ይህ ሲስተም አይደገፍም» ይላል፣ ሞክሬዋለሁ። የአባባ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ በሱ አይሆንም። የሚቀረው አሮጌውን ሲስተም መልሶ መጫን ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ደግሞ የጋሼ «አላልኩሽም?» አለ። ኮሚቴው በሐምሌ ይወስናል፣ ኃላፊዬ በየኮሪደሩ የአባቴን ነገር እያወሩ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ የለ።

ሌላ መላ ይኖራል። መጀመሪያ ላስተካክለው፣ ከዚያ እነግረዋለሁ። ዝም አይነቅዝም።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ባንኩ መለሰልኝ። «እባክዎ የሚደገፍ ሲስተምና ብራውዘር ይጠቀሙ።» በቃ። የጻፍኩላቸው አንድ ገጽ ሙሉ ነበር። እንዴት ተናደድኩ። ሰው በመረጠው ኮምፒውተር የገዛ ሂሳቡን ለማየት የማንን ፈቃድ ይጠይቃል? ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አነበብኩላቸው፣ ሁሉም ልክ ነሽ አሉኝ። ልክ ነኝ።

አባባ እንደገና ቅርንጫፉ ሄዶ አስከፍቷል። ያቺው ልጅ ናት። በዚህ ጊዜ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ስጡኝ አለችው፣ የጋሼን ሰጣት።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

«ረጋ ብዬ ነው የጻፍኩት» አለኝ በስልክ። «አንቺ እንዳልሽው።» አሁንም አንድ ጊዜ ሞክሮ እምቢ ሲለው ፈርቶ ትቶታል። የመብራቱን ሄዶ ተሰልፎ ከፈለ። ዝናብ ነበር።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ተገኘ! የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው፣ እንደኔው ባንኩ ያስቸገረው፣ ብራውዘሩ ስሙን ብቻ ሳይሆን አረማመዱንም እንዲያስመስል የሚያደርግ ነገር አሳየኝ። ከሥራ ወጥቼ አባባ ቤት በረርኩ፣ ጫንኩለት፣ በኔ አካውንት ሞከርኩ፣ ገባ። በሱም ሞከርን፣ ገባ። አባባ የሂሳቡን ገጽ ሲያይ የድሮ ወዳጁን እንዳገኘ ሆነ።

«ምኑ ነበር ታዲያ?» አለኝ።

«ትንሽ ነገር አስተካከልኩ።»

«እኔ አልነበርኩማ?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። ስልኬ ጮኸ፣ ከኮሌጁ ነው፣ አንሥቼ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ስመለስ ጥያቄውን አልደገመውም፣ እኔም አላስታወስኩትም። ዋናው መስተካከሉ ነው። ከእንግዲህ የሚነገር ነገር የለም።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

ዘጋበት። ባንኩ ከአንድ ሳምንት በላይ አልታገሠም።

የቅርንጫፉ ልጅ በዚህ ጊዜ ለጋሼ ደወለች። ክፉ አላሰበችም፣ «አባታችሁ ተደጋግሞባቸዋል፣ ብታዩአቸው» ነው ያለችው። ጋሼ ወዲያው ለኔ ደወለ።

«ሐኪም ጋ ልወስደው ነው። የማስታወስ ነገር ነው ብዬ እፈራለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል።»

«ማጋነን ነው» አልኩ።

«ዛሬ ፓስወርድ ረሳ፣ ነገ የደም ግፊቱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይውጣል። ያኔም ማጋነን ነው ትያለሽ?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር። «መቼ ነው ቀጠሮው?» አልኩት።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

አባባ የመድኃኒት ብልቃጦቹ ላይ ወረቀት ለጥፏል። ጠዋት። ማታ። በዚያ ቀጥ ባለ፣ ለበሽተኛ በሚጽፍበት እጅ። የሱን ግን መቼም ለጥፎ አያውቅም ነበር።

«ለምንድነው?» አልኩት።

«ለጥንቃቄ ነው» አለ።

ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ፓስወርዱን ደጋግሞ ጽፎ እንደ ተማሪ ሲለማመድ ነበር። አንዱም ስሕተት የለውም። ሁሉንም አየኋቸው። ጋዜጣውን አጥፎ ከመቀመጫው ሥር አደረገው፣ እንዳየሁበት አውቆ አፈረ። እኔ ነኝ ማፈር የነበረብኝ፣ እሱ አፈረልኝ።

ኮሚቴው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። አሥር ቀን ብቻ። ከዚያ በኋላ ሲስተሙን መልሼ ጭኜ ሁሉንም አፍረጥርጬ እናገራለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ይሄን ተረት ያወጣው ሰው እንዲያድር የሚያደርገውን ሰው ስም አልጨመረበትም።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ሐኪሟ ደግ ሴት ናት። አባባን «የሙያ አባታችን» እያለች ነው ያናገረችው። ጥቂት ቃላት ነግራው ቆይታ ጠየቀችው፣ አንዷን ብቻ ዘነጋ። ሰዓት ሳልልኝ አለችው፣ በኮምፓስ የተሠራ የሚመስል ሰዓት ሳለላት። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር ስታዘው ጥሩ አድርጎ ሲወርድ ቆየና መሀል ላይ ቆመ። ተመልሶ አረጋገጠ። እንደገና አረጋገጠ። «ይቅርታ፣ አንዴ ከላይ ልጀምር» አለ። ልክ ነበር እኮ። የቆመው ተሳስቶ አይደለም፣ ራሱን ማመን ትቶ ነው። ይህን ከዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ፈተናው ብቻውን ብዙ አይናገርም» አለች ሐኪሟ። «የዕለት ኑሯቸውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።»

ጋሼ የባንኩን ነገር ከነዝርዝሩ ነገራት። «ከሱ ሌላ?» አለች። ከሱ ሌላ የለም። ወደ እኔ ዞረች።

«ያስተማርሻቸው አንቺ ነሽ አሉኝ። ድሮ ይችሉት ነበር?»

«አዎ፣ በደንብ ይችለው ነበር» አልኩ።

ጻፈችው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። እንደዚያ ያለ ውሸት በዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም።

መኪናው ውስጥ አባባ ከፊት ተቀምጦ መስኮቱን ሲያይ ቆየና «የቷን ነበር የዘነጋሁት?» አለ። ጋሼ አላስታወሰም። እኔም አላስታወስኩም።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ኮሚቴው አጸደቀው። ሁሉም ኮምፒውተር፣ ሁለቱም ላብራቶሪ። ኃላፊዬ እጄን ጨበጡኝ። «ያሳመናቸው የአባትሽ ነገር ነው። አንድ ቀን ይዘሻቸው ነይ፣ ተማሪዎቹ ይዩአቸው» አሉ።

«ይመጣል» አልኩ።

ይመጣል አልኩ!

የሰው ኮምፒውተር ሳስተካክል ውዬ ቤቴ ስገባ የምትጠብቀኝን ተረት አውቃታለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። እናቴ ነበረች የምትለኝ፣ ስትስቅብኝ። ዛሬ አላሳቀችኝም።

ሐምሌ 19፣ ዓርብ

ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት። በእርግጥ ነው። ጋሼ ግን ቀድሞ ውልና ማስረጃ ለውክልና ቀጠሮ ይዞ ኖሯል። ባንኩን፣ ቤቱን፣ ሁሉንም እሱ እንዲያንቀሳቅስ። አባባ ከኔ በፊት ደርሶ፣ ክራቫት አሥሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር።

የቢሮው ሠራተኛ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ። «በሙሉ ፈቃድዎ ነው፣ አባቴ?»

«በሙሉ ፈቃዴ ነው።»

«ተገደው አይደለም?»

«ልጆቼ ናቸው» አለ አባባ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ወረቀቱን አዞረለት። አባባ ብዕሩን ይዞ ከላይ እስከ ታች ፈለገ። ዝብርቅርቅ ያለ ወረቀት ነው፣ ማንም ይፈልጋል። ወደ እኔ ቀና አለ።

«ሚጣ፣ እዚህ ጋ ነው?»

ጣቴን አስቀመጥኩለት። ጣቴ ሥር ፈረመ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ላብራቶሪ አንድን ጀመርን። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፣ ራሴ ሌላ ቦታ ነው። ጋሼ ደወለ፦ አባባን ወደ ቤቱ ሊወስደው ነው፣ የጓሮውን ክፍል አስጠርጎለታል፣ የአባባን ቤት ያከራየዋል። «ብቻውን ትቼው እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ። እውነቱን ነው። ጋሼ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለለኝ።

ሐምሌ 28፣ እሑድ

ዕቃ ስናሽግ ዋልን። አባባ መጻሕፍቱን ራሱ ካርቶን ውስጥ ደረደረ፣ በመጠናቸው። የጋሼ ሚስት መድኃኒቶቹን በላስቲክ ከረጢት ሰብስባ «ጠዋትና ማታ እኔ እሰጥሃለሁ አባባ፣ አንተ አታስብ» አለችው። ልስላሴዋ ልብ ይነካል። ይሄ ሰው በሰፈሩ ሕዝብ ሁሉ እጅ ላይ ኪኒን የቆጠረ ነው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ።

«ይሻላል» አለ።

በኋላ በረንዳው ላይ ሁለታችን ብቻ ስንቀር «እኔን የሚቆጨኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «መቼ እንደጀመረኝ አለማወቄ። መድኃኒት ቤት እያለሁ ከሆነስ? ለአንዱ ምስኪን ያልሆነ ነገር ሰጥቼው ከሆነስ?»

«አልሰጠህም።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

በምን እንደማውቅ መንገር ስጀምር ጋሼ ካርቶን ተሸክሞ ወጣ፣ አባባም ሊያግዘው ተነሣ። አይ፣ ይሄም ሰበብ ነው። ጋሼ ባይወጣም ሌላ አገኝ ነበር። ስልክ፣ ዝናብ፣ ካርቶን፣ ኮሚቴ። እኔ ሰበብ አጥቼ አላውቅም። የሰረቅኩት ገንዘብ ቢሆን ኖሮ መልሼ አስቀምጠው ነበር። የሠራበትን ዘመኑን ሁሉ ነው ያጠቆርኩበት፣ ያውም እሱ ጥፋቱን በራሱ ላይ እየፈለገ። አፍሬያለሁ። እዚህ ላይ መጻፉ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

ነሐሴ 2፣ ሐሙስ

ነገርኩ። ለጋሼ፣ ሱቁ ሄጄ። የፍሬን ሸራ ካርቶን ሲቆጥር ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ስሙን ስለቀየርኩት ብራውዘር፣ ሰኔ ላይ ስላየሁት፣ ረጋ በል ስላልኩት፣ ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ኮሚቴው። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ገዢ ገባ፣ የሞተር ሻማ ሸጠለት፣ መልስ ሰጠው፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«ሰኔ ላይ ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

የነበረኝን ምክንያት ሁሉ ነግሬው ነበር፣ ለሰው ሲነገር ግን ምክንያት አይመስልም።

«ስሚ» አለኝ። «አንቺ ከልጅነትሽ የአባባ ጠበቃ ነሽ። የምትዪው እውነት ከሆነ የሠራሽውን ሥራ ጠላቴ አይሠራብኝም። እሱን ነፃ ለማውጣት የፈጠርሽው ከሆነ ግን ደግነት ነው። እኔ እህቴን ደግ ናት ብዬ ብኖር ይሻለኛል።»

«አልፈጠርኩም፣ ጋሼ።»

ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አንቀጫቀጨ። «እንግዲያው ለሱ ንገሪው። እችላለሁ፣ ቤቴም እመለሳለሁ ካለኝ ውክልናውን ያን ቀን እሰርዛለሁ። ተከራዩም ገና አልፈረመም። ቃሌ ነው።»

ለኃላፊዬ ግን ገና አልነገርኩም። አንድ በአንድ።

ነሐሴ 4፣ ቅዳሜ

የአባባን ኮምፒውተር ትናንት ወስጄ አሮጌውን ሲስተም መልሼ ጫንኩበት። ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ብራውዘርም። ጋሼ ቅርንጫፉን አናግሮ አካውንቱን አስከፈተው። ጠዋት ወደ ጓሮው ክፍል ይዤው ገባሁ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ገና ያልተፈቱ ካርቶኖች። አባባ አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ እኔ መሬት ላይ፣ እግሩ ሥር። ነገርኩት።

የሰማኝ መድኃኒት ቤት እያለ ሰው ሕመሙን ሲነግረው በሚሰማበት አኳኋን ነው፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ። አለቀስኩ። ይቅር በለኝ አልኩት። «ስለዚህ አንተ አልተሳሳትክም፣ አንድም ቀን አልተሳሳትክም» አልኩት።

እጁን ጭንቅላቴ ላይ አደረገ።

«እናትሽም እንዲህ ነበረች» አለ። «ሰው ሲያፍር ማየት አትወድም። ጥፋት ካለ እኔ ነኝ ትል ነበር።»

«አባባ፣ በእናቴ አጥንት እውነቴን ነው።»

«እናትሽን ተያት፣ በሰላም ትረፍ።» እንባዬን በአውራ ጣቱ ጠረገልኝ። «ደግ ልጅ ነሽ።»

አሳይሃለሁ ብዬ ተነሣሁ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ የባንኩን ገጽ አወጣሁ። «ፓስወርድህን ንገረኝ» አልኩት። ወረቀት ሳያይ፣ ሳያመነታ፣ ፊደሉንና ቁጥሩን አከታትሎ በቃሉ ነገረኝ። ጻፍኩት። ገባ። የሂሳቡ ገጽ ፊታችን ተዘረጋ።

«ይኸው! ያው ፓስወርድ ነው፣ ያንተው ነው» አልኩት።

«አንቺ ስትጽፊው ይገባል» አለ። ሲፈርድ አይደለም፣ ያየውን ነው የተናገረው።

ከሂሳቡ ወጣሁና ገጹን ባዶ አድርጌ ወንበሩን ለቀቅኩለት። «አንተ ጻፈው።»

«ይቅር፣ ሚጣ።»

«ለኔ ብለህ።»

ለኔ ሲል መጣ። መነጽሩን አደረገ። መዳፉን በሱሪው ላይ ጠረገ። አንዱን ፊደል ተጭኖ ወደ እኔ አየ፣ ራሴን ነቀነቅኩለት። ሁለተኛውን ተጫነ። ያ ሁሉ ኪኒን የቆጠሩ ጣቶች በየቁልፉ ላይ ሲያመነቱ አየሁ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱ የሚፈልገውን ቁልፍ አልፎ አጠገቡ ያለውን ሲነካ አየሁት። ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው፣ እሱ አላየውም። ቃል ሳላወጣ «ግባ» የሚለውን ተጫነው።

«የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ተሳስቷል።»

በዚህ ጊዜ እውነቱን ነበር።

አባባ አልደነገጠም። ትከሻው ወረደ፣ ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ሁሉ ለቀቀው። ዞሮ አየኝና እኔን ሊያጽናናኝ «አየሽ ልጄ?» አለኝ።

«አባባ፣ አሁን ጣትህ ነው፣ አይቼዋለሁ፣ እንደገና...»

«ይበቃል» አለ። ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፋ አድርጎ መለሰው። «ለወንድምሽ ደህና ነኝ፣ እዚሁ ይስማማኛል በዪልኝ።»